ሁለተኛዋ ሳጥን፦ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞችና በውስጣቸው የቀሩ ሴቶች

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስንሰበሰብ ቡናው ከመቆላቱ በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ አለ፤ ቅጽ መሙላት። የልጆች ትምህርት ቤት፣ የሐኪም ቤት፣ የቤት ኪራይ ቅጽ ይመጣል። እንግሊዝኛው የሚቀናት እህት ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፤ ሌሎቻችን ወረቀታችንን ይዘን አጠገቧ እንሰለፋለን። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ የሚያከራክረን ገቢያችንም ሕመማችንም አይደለም። ገና ከመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችው ሁለተኛዋ ሳጥን ናት፤ «ሰርኔም» የምትለው።

«የአባቴን ልጻፍ የአያቴን?» ትላለች አንዷ። የሌላዋ ፓስፖርት ላይ የአያቷ ስም ሰፍሯል፤ ባንክ ያለው ግን የአባቷ ነው። ሦስተኛዋ እዚህ አገር ስትመጣ አንድ ጸሐፊ ሳይጠይቃት የባሏን ስም ጽፎባታል፤ እስከ ዛሬ በዚያ ስም ሲጠሯት ዞር የምትለው ዘግይታ ነው። ከመካከላችን አንዷ ደግሞ ከገዛ ልጇ ጋር ስትጓዝ «የልጁ የቤተሰብ ስም ለምን ካንቺ ተለየ?» ተብላ ድንበር ላይ ቆማለች። «የእሱ የአባቱ ስም ነው፤ የእኔም የአባቴ ነው» ብትል በአገራችን ሕፃንም የሚረዳው መልስ ነበር። እዚያ ግን ልጁን እያባበለች ረዥም ጊዜ መጠበቅ ግድ ሆነባት።

ከዚያን ቀን በኋላ ነው «ይህች ሳጥን ከወዴት መጣች?» ብለን መጠየቅ የጀመርነው። መጻሕፍት አገላበጥን፤ ያገኘነውንም ለእናንተ ለማካፈል ይህን ጻፍን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ስም ይበቃቸው ነበር

መጀመሪያ ያስገረመን ነገር እንግሊዞችም ራሳቸው በጥንት ጊዜ የቤተሰብ ስም ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ከ1066 በፊት አብዛኛው ሰው የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ ነበር። መለየት ካስፈለገ «የእገሌ ልጅ»፣ «ወንዝ ዳር ያለው»፣ «ቀዩ» እየተባለ ቅጽል ይጨመርበታል። ያ ቅጽል ግን የሰውየው ብቻ ነው፤ ልጁ አይወርሰውም።

በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም እንግሊዝን ድል አድርጎ ነገሠ። ከእሱ ጋር የመጡት መኳንንት ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በርስታቸው ስም ይጠሩ ነበር። ርስቱ ለልጅ ሲተላለፍ ስሙም አብሮ ተላለፈ። ሕዝቡም ቀስ በቀስ የጥንት ስሞቹን ትቶ የገዢዎቹን ስም ለልጆቹ ያወጣ ጀመር። በ14ኛው መቶ ዘመን አብዛኛው እንግሊዛዊ ወንድ ጆን፣ ዊልያም፣ ቶማስ፣ ሮበርት ወይም ሪቻርድ ነበር። በአንድ መንደር ውስጥ ስምንት ጆን ካለ ግብር ሰብሳቢው የትኛውን ጆን ይያዝ? የትኛው ጆን ነው መሬቱን የወረሰው?

እንግዲህ የቤተሰብ ስም የተወለደው በብራናና በግብር መካከል ነው። በመጀመሪያ መኳንንቱ፣ ቀጥሎ የከተማ ነጋዴዎች፣ በመጨረሻም ገበሬው ስሙን ለልጁ ማውረስ ያዘ። ደቡቡ ቀደመ፤ ሰሜኑ ዘገየ። እስከ 1400 ገደማ አብዛኛው የእንግሊዝ ቤተሰብ የሚወረስ ስም ነበረው። በ1538 ደግሞ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲይዝ ታዘዘ፤ ስሙም በመዝገብ ላይ ተቸከለ።

ስሙን ባለቤቱ አልመረጠውም። ያወጣው ጎረቤት ነው፤ የጻፈው ደግሞ ቄስ ወይም ጸሐፊ ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ በላቲን። እኛም ስማችን በማናውቀው ፊደል በሌላ ሰው እጅ ሲጻፍ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም ማለት ነው።

ስሞቹ ምን ይላሉ?

የእንግሊዝ የቤተሰብ ስሞች ከአራት ምንጮች ይቀዳሉ፤ ከሙያ፣ ከቦታ፣ ከወላጅ ስምና ከቅጽል።

ከሁሉ የበዛው ስሚዝ ነው። ትርጉሙ ቀጥቃጭ፣ ብረት ሠሪ ማለት ነው። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ የፈረሱን ኮቴ የሚሠራ ሰው በየመንደሩ ስለነበር ስሙም በየመንደሩ በቀለ። ቴይለር ልብስ ሰፊ ነው። ፖተር ሸክላ ሠሪ፣ ሚለር ባለ ወፍጮ፣ ኩፐር በርሜል ሠሪ፣ ካርትራይት ጋሪ ሠሪ፣ ቻንድለር ሻማ ሠሪ፣ ታቸር ቤት በሣር የሚከድን ነው። ክላርክ ጸሐፊ ማለት ነው፤ በዚያን ዘመን ማንበብና መጻፍ የሚችለው የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለነበር እንደ እኛ ደብተራ ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። በ1381 በከባድ የነፍስ ወከፍ ግብር ምክንያት የተነሣውን የገበሬዎች አመፅ የመራው ዋት ታይለር ስሙ የጣሪያ ሸክላ የሚደረድር ሠራተኛ ማለት ነው።

ሙያው አንድ ሆኖ ስሙ እንደየአገሩ የሚለይበትም አለ። የሱፍ ጨርቅ ከተሸመነ በኋላ ውኃ ውስጥ ተረግጦ መጥበቅና መወፈር ነበረበት። ይህን የሚሠራው ሰው በደቡብና በምሥራቅ ፉለር፣ በደቡብ ምዕራብ ተከር፣ በሰሜን ዎከር ይባላል። ዎከር «የሚራመድ» ማለት ይመስላል፤ ነገሩ ግን ጉዞ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ጨርቅ የሚረግጥ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ዝም አልን። በአገራችን ቀጥቃጭ፣ ፋቂ፣ ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪ የሚሉት ቃላት ለስንቱ ስድብ ሆነው እንደኖሩ እናውቃለን። ማረሻውን የሠራለትን ሰው ቡዳ ብሎ የሚሸሽ፣ በእንስራዋ ውኃ እየጠጣ ሸክላ ሠሪዋን በማዕድ የማያስቀርብ ማኅበረሰብ ነበርን። አጼ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እዚህ ግን የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ ማለት በአገሩ ከሁሉ የበዛው ስም ሆኖ በባንክም በፓርላማም ይጠራል። እንግሊዝ አገር መደብ አልነበረም ማለታችን አይደለም፤ ነበረ፤ አለም። ስሙ ግን የእጅ ሥራን አልደበቀውም።

ሁለተኛው ምንጭ ቦታ ነው። ሂል ኮረብታ፣ ውድ ጫካ፣ ፎርድ የወንዝ መሻገሪያ፣ ግሪን የመንደር መስክ ነው። ናሽ የሚለው ስም የመጣው «ከአሽ ዛፉ አጠገብ» ከሚለው የጥንት አነጋገር ነው፤ በአነጋገር ፍጥነት ፊደል ተጣብቆበት ቀረ። በ«ተን»፣ በ«ሊ» ወይም በ«ሃም» የሚያልቁ ብዙ ስሞች የመንደር ስሞች ናቸው። አንድ ሰው በገዛ መንደሩ ስም አይጠራም፤ ሁሉም የዚያው ነውና። በመንደሩ ስም የሚጠራው ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲሰፍር ነው። ስለዚህ የቦታ ስም ብዙ ጊዜ የስደት ምስክር ነው።

የስደቱ ነገር በግልጽ የተጻፈባቸውም ስሞች አሉ። ፍሌሚንግ ከፍላንደርስ የመጣ ነው፤ ከዚያ አገር የመጡ ሸማኔዎች በእንግሊዝ የሱፍ ሥራ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። ፍሬንች ፈረንሳዊ፣ ስኮት ከስኮትላንድ፣ ዎልሽ ከዌልስ የመጣ ወይም ባዕድ ማለት ነው። ኒውማን ደግሞ «አዲስ ሰው» ነው፤ ለመንደሩ እንግዳ የሆነ፣ በእኛ ቋንቋ መጤ። መጤው ልጅ ወለደ፤ ልጁ እዚያው አደገ፤ የልጅ ልጆቹም የአገሩ ሰዎች ሆኑ፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ «አዲስ ሰው» ነው። ይህን ስናነብ አንዷ እህታችን «እንግዲህ እኛም አንድ ቀን አሮጌ ኒውማን እንሆናለን» ብላ አሳቀችን።

ከቅጽል የመጡት ብራውን ጠይም ወይም ቡናማ ጸጉር፣ ራስል ቀይ፣ ሾርት አጭር፣ አርምስትሮንግ ክንደ ብርቱ፣ ፎክስ ቀበሮ ናቸው። ኪንግ ንጉሥ፣ ቢሾፕ ጳጳስ የሚሉ ስሞች ባለቤቶች ከንጉሥ ወይም ከጳጳስ የተወለዱ አይደሉም፤ በንጉሡ ወይም በጳጳሱ ቤት ያገለገለ፣ በበዓል ጨዋታ ላይ ንጉሥ ሆኖ የታየ፣ ወይም እንደ ንጉሥ የሚንጎራደድ ሰው ሊሆን ይችላል።

ከወላጅ ስም የመጡትን እኛም በቀላሉ እንረዳቸዋለን። ጆንሰን የጆን ልጅ፣ ሪቻርድሰን የሪቻርድ ልጅ ነው። ዊልያምስና ሮበርትስ ላይ ያለችው «ስ» ደግሞ የዊልያም፣ የሮበርት ማለቷ ነው። ከቁልምጫ የወጡም አሉ፤ ዲክሰን ከሪቻርድ ቁልምጫ ከዲክ፣ ዋትሰን ከዎልተር ቁልምጫ ከዋት፣ ጊብሰን ከጊልበርት ቁልምጫ።

ጎረቤታቸው ዌልስ ደግሞ ቁርጥ እኛን ነበር። «አፕ» ማለት የእገሌ ወንድ ልጅ፣ «ቨርች» ማለት የእገሌ ሴት ልጅ ነው። የልጅ ስም የአባት ስም ያስከትላል፤ በሚቀጥለው ትውልድ ይለወጣል። ሴቲቱም ስታገባ የአባቷን ስም አትለቅም። በ1536 የወጣው ሕግ ዌልስን ከእንግሊዝ አስተዳደር ጋር ካዋሐደ ወዲህ ግን የእንግሊዝ ፍርድ ቤትና መዝገብ የሚወረስ ስም እየጠየቀ ልማዱን ቀስ በቀስ አከሰመው። አፕ ሪስ ፕራይስ ሆነ፤ አፕ ሃውል ፓወል፣ አብ ኦወን ቦወን ሆነ። የጆን ልጆች ሁሉ ጆንስ ሆነው ስለበዙ ሰዉ ዞሮ ወደ ቅጽሉ ተመለሰና ወተት አዳዩን «ጆንስ ወተቱ» እያለ መለየት ጀመረ።

በስሙ ውስጥ የቀሩ እጆች

እስከ አሁን የቆጠርናቸው ስሞች የወንድ ታሪክ ይመስላሉ። ነገር ግን ዌብስተር፣ ብሩስተር፣ ባክስተርና ዴክስተር የሚሉ ስሞችን ልብ በሉ። ሁሉም በአንድ ድምፅ ያልቃሉ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ያ ቅጥያ ሥራውን የምትሠራው ሴት መሆኗን የሚያመለክት ነበር። ባክስተር እንጀራዋን በመጋገር የምታገኝ ሴት፣ ብሩስተር ጠማቂ፣ ዌብስተር ሸማኔ፣ ዴክስተር ጨርቅ ነካሪ ሴት ነበረች። በኋለኛው ዘመን፣ በተለይ በሰሜን፣ ቅጥያው ለወንዶችም ስለዋለ ዛሬ ዌብስተር የሚባል ቤተሰብ ሁሉ ከሸማኔ ሴት ተወለደ ማለት አይቻልም። ቃሉ ግን ከሴት ሙያ የወጣ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ ቅርብ የሆነችው ጠማቂዋ ናት። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ኤል የሚባለው መጠጥ የዕለት ምግብ ያህል ነበር። ብቅል፣ ውኃና ማገዶ ካለ በቤት ይጠመቃል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚበላሽም ሴቶቹ ለቤታቸው ጠምቀው የተረፈውን ለጎረቤት ይሸጡ ነበር። ጌሾውን ቀንሳችሁ ብታዩት የእኛ የጠላ ቤት ነው። የመንደሩ ፍርድ ቤት የመጠጡን ዋጋና ጥራት ይቆጣጠር ስለነበር የቀማሾች ሪፖርትና የመቀጫ መዝገብ ይያዛል፤ ታሪክ ጸሐፊዎችም የእነዚህን ሴቶች ሥራ ያገኙት ከዚያ መዝገብ ነው። ነገር ግን ሚስት የጠመቀችበትን መቀጫ በባሏ ስም የሚመዘግብም ጸሐፊ ነበር። እሷ ታነደለች፤ ታጠላለች፤ ትሸጣለች፤ ስሙ የእሱ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ነገሮች መጡ። በ1348ና በ1349 ከነበረው ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ የሕዝቡ የመግዛት አቅም ጨመረና ጠመቃው ትልቅ ንግድ ሆነ። ቀጥሎም ሆፕ በሚባል ተክል የሚጠመቅ ቢራ ከባሕር ማዶ ገባ። ቢራው ሳይበላሽ ስለሚቆይ በብዛት ተጠምቆ ሩቅ አገር ይሸጣል፤ ለዚህ ግን ትልቅ ጋን፣ ሠራተኛና ካፒታል ያስፈልጋል። ብድርም፣ የሙያ ማኅበር ሹመትም በወንዶች እጅ ስለነበር በ1600 አካባቢ ጠመቃው በአብዛኛው የወንድ ሥራ ሆኖ ነበር። ሥራው ገንዘብ ሲያመጣ ሴቲቱ ወጣች፤ ስሟ ግን ብሩስተር ሆኖ ቀረ። ቁጠባና ብድር ማኅበራችን ለምን እንደሚያስፈልግ ለሚጠይቁን ይህችን ታሪክ ብንነግራቸው ሳይሻል አይቀርም።

የፈታይዋም ነገር አለ። ስፒንስተር የሚለው ቃል በእንዝርት የምትፈትል ሴት ማለት ነበር። ስፒንስተር እንደ እህቶቹ ቃላት ተወዳጅ የቤተሰብ ስም አልሆነም። ፈትል ላላገባች ሴት ዋና መተዳደሪያ ስለነበር ቃሉ በ17ኛው መቶ ዘመን በሕግ ወረቀት ላይ «ያላገባች ሴት» ማለት ሆነ፤ ቆይቶም እንደ «ቆማ ቀር» መናቂያ ተደረገ። በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ መዝገብ ላይ እስከ 2005 ድረስ ይጻፍ ነበር። በእጇ ፈትላ ራሷን የቻለች ሴት ስያሜ በመጨረሻ ባል ያጣች ማለት ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

የእናት ልጆች

እንግሊዞች ከአባት ስም ብቻ አልተሰየሙም። ማሪዮት ከማርያም ቁልምጫ የወጣ ስም ነው። ቲሎትሰን የቲሎት ልጅ፣ ማለትም የማቲልዳ ልጅ ነው። ሜግሰን የማርጋሬት፣ ኢቦትሰን የኢዛቤል፣ ቤትስ የቤያትሪስ ነው። ዊዶውሰን ደግሞ በቀጥታ «የመበለቷ ልጅ» ማለት ነው። በ1691 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ የሆኑት ሰው ጆን ቲሎትሰን ይባሉ ነበር፤ በአገሩ ከፍተኛው የቤተ ክርስቲያን መንበር ላይ የማቲልዳ ስም ተቀመጠ ማለት ነው።

ቀድሞ እነዚህን ስሞች ሲያጠኑ የነበሩ ሰዎች «ያለ ጋብቻ የተወለደ ልጅ ነው» ብለው ያልፏቸው ነበር። አንዳንዱ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። አሁን ግን ሌላውም ምክንያት ይታወቃል። አባት ቀድሞ ሞቶ እናት ልጆቿን ብቻዋን አሳድጋ ሊሆን ይችላል። መሬቱ የመጣው በእናት በኩል ሊሆን ይችላል። ወይም በመንደሩ ውስጥ ይበልጥ የምትታወቀው እሷ ልትሆን ትችላለች። ጎረቤት ስም የሚያወጣው በሚያየው ነው፤ ቤቱን የያዘችው ማቲልዳ ከሆነች ልጁ የማቲልዳ ነው።

በ1379 የተሰበሰበው የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ባልና ሚስት እንደ አንድ ግብር ከፋይ ስለሚቆጠሩ ባልየው በስሙ ይጻፋል፤ ሚስቱ ግን ብዙ ጊዜ በላቲን «ሚስቱ» ብቻ ተብላ ታልፋለች። ያላገባች ሴትና መበለት ግን ለብቻቸው ስለሚከፍሉ ስማቸው ይጻፋል። በመንግሥት መዝገብ ላይ ሴት በስሟ የምትገኘው ባል ከሌላት ነበር ማለት ይቻላል።

በዚያው መዝገብ፣ በዮርክሺር አውራጃ፣ «የጆን ሴት ልጅ» የሚል ትርጉም ያላቸው ስሞችም ሰፍረዋል። የጆን ወንድ ልጅ ጆንሰን እንደተባለ ሁሉ ሴት ልጁም በ«ዶውተር» የሚያልቅ ስም ነበራት። ዛሬ ጆንሰን በየጎዳናው አለ፤ የእህቱ ስም ግን የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ልጆቿ የእሷን ስም አልወረሱም። የወንድ ልጅ ስም ወደ ፊት ሄደ፤ የሴት ልጅ ስም ከእሷ ጋር ተቀበረ።

የባል ስም

ሚስት የባሏን ስም መውሰዷ ከጥንት ጀምሮ የነበረ የክርስትና ሥርዓት ነው የሚል ወሬ በመካከላችን ነበር። አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ካምደን በ1605 ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝ ሴቶች ሲያገቡ ስማቸውን እንደሚለውጡ ጽፎ፣ በፈረንሳይና በኔዘርላንድ ግን የተከበሩ ሴቶች የራሳቸውንም ስም ይዘው እንደሚቆዩ ያነጻጽራል። እነዚያም ክርስቲያኖች ነበሩ። በስኮትላንድም ሴቶች በሕግ ሰነድ ላይ በአባታቸው ቤት ስም መጠራታቸውን ቀጥለዋል።

የእንግሊዝን ልማድ ያጠነከረው የንብረት ሕግ ነው። ያገባች ሴት በሕግ ፊት ከባሏ ጋር አንድ ሰው ናት፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ባልየው ነው። ደመወዟ የእሱ፣ ዕቃዋ የእሱ፣ በስሟ ውል መዋዋል አትችልም። ስሙን መልበሷ ከዚህ ጋር የሚሄድ ነገር ነበር። በ1870 የወጣው ሕግ ሠርታ ያገኘችውን ገንዘብ የራሷ አደረገላት፤ በ1882 የወጣው ደግሞ በስሟ ንብረት እንድትይዝ ፈቀደላት። ስሟን እንድትለውጥ የሚያስገድድ ሕግ ግን በእንግሊዝ የለም፤ ልማድ ነው።

ልማዱ ደግሞ ርስት ሲመጣ ይታጠፍ ነበር። በ18ኛው መቶ ዘመን ሰር ሂው ስሚዝሰን የሚባል ባላባት የፐርሲ ቤተሰብ ወራሽ የሆነችውን ኤልዛቤት ሲሞርን አገባ። በ1750 ስሚዝሰን የሚለውን ስም ትቶ ፐርሲ ተባለ፤ በኋላም የኖርዘምበርላንድ መስፍን ሆነ። «የቀጥቃጭ ልጅ» የሚለውን ስም ጥሎ በሚስቱ በኩል የመጣውን የታላቅ ቤት ስም ለበሰ። ከጋብቻ ውጪ የወለደው ልጁ ጄምስ ግን በእናቱ ስም አድጎ፣ ካደገ በኋላ አባቱ የጣለውን ስሚዝሰን የሚለውን ስም አነሣ። ሀብቱን ለዕውቀት መስፋፋት ተናዘዘ፤ ዋሽንግተን ያለው ታላቁ የስሚዝሶኒያን ተቋም የቆመው በእሱ ገንዘብ ነው። መስፍኑ ያፈረበት የቀጥቃጭ ስም ዛሬ ከመስፍኑ ስም ይልቅ በዓለም ይታወቃል።

የዘመናችንን ምሳሌ ብንፈልግ ማርጋሬት ታቸር አለች። የግሮሰሪ ባለቤት ልጅ ሆና ስትወለድ ማርጋሬት ሮበርትስ ነበረች። የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና ዓለም ያወቃት ግን በባሏ ስም ነው። ከጥንት «የሮበርት» የነበረችው በጋብቻ «ጣሪያ ከዳኝ» ሆነች።

እኛስ?

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ «የእኛ ይሻላል፤ አግብተንም ስማችንን አንለውጥም» ብለን ትንሽ ኮራን። እውነት ነው፤ ሴት ልጅ በአባቷ ስም ተወልዳ በአባቷ ስም ትቀበራለች፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ከመካከላችን አንዲት ታላቅ እናት ጠየቁን፤ «የእናትሽን አባት ስም ታውቂያለሽ? የአያትሽንስ እናት ስም?» አባት በአባት እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሴቶች፣ በእናት በኩል ሦስተኛው ላይ ቆምን። የጆን ሴት ልጅ ስም እንደጠፋ ሁሉ የእኛም አያቶች ስም የሚሄድበት መንገድ አልነበረውም። እንጀራ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ፈትል ሸጣ ልጅ ያሳደገች እናት ስሟ ከልጇ ስም ኋላ አይጻፍም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንመክራለን፤ አንዱ ለወረቀቱ፣ አንዱ ለታሪኩ።

ለወረቀቱ፦ በሁለተኛዋ ሳጥን የምትጽፉት ስም በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ አጻጻፉም ፊደል በፊደል አይለያይ። ጸሐፊ ሳይጠይቅ የባልን ስም ከጻፈ እንዲታረም ለመጠየቅ አትፍሩ፤ ያገባች ሴት የባሏን ስም የመውሰድ ግዴታ የለባትም። ስማችሁ ከልጃችሁ ስም የሚለይ ከሆነ ስትጓዙ የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ያዙ፤ ሌላው ወላጅ አብሮ ካልሄደ የፈቃድ ደብዳቤ ጨምሩበት። ይህን አስቀድማ አውቃ ቢሆን ያቺ እህታችን ያን ያህል ባልቆመች ነበር።

ለታሪኩ፦ በእንግሊዝና በዌልስ ከ1837 ጀምሮ የጋብቻ መዝገብ የሚጠይቀው የሙሽራውንና የሙሽራዋን አባት ስምና ሙያ ብቻ ነበር። የእናት ስም መጻፍ የተጀመረው ከግንቦት 2021 ወዲህ ነው። መቶ ሰማንያ ዓመት አልፎ አንዲት መስመር ተጨመረች። እንግሊዞችም ዘግይተው የደረሱበት ነገር ነውና እኛ በዛሬው ቀን ብንጀምር አናፍርም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ወር ስብሰባችን እያንዳንዷ አባል የእናቷን፣ የእናቷን እናት፣ ከቻለችም የእናቷን አያት ስምና እያንዳንዳቸው በምን ሥራ ልጆቻቸውን እንዳሳደጉ ይዛ እንድትመጣ ተስማምተናል። ያላወቀች ወደ አገር ቤት ደውላ ትጠይቅ፤ የሚያውቁት አክስቶች ገና በሕይወት እያሉ። በማኅበራችን መዝገብ ላይ እናሰፍረዋለን። ከድጋፍ ሰጪዎቻችንም መካከል ስማችሁ ዌብስተር፣ ባክስተር ወይም ማሪዮት የሆነ ካላችሁ፣ ከስማችሁ በስተጀርባ ሸማኔ፣ ጋጋሪ ወይም ማርያም የምትባል እናት ልትኖር ትችላለችና መጥታችሁ ከእኛ ጋር ቡና ጠጡ። የእናንተንም እናቶች ስም እንጽፋለን፤ በመዝገቡ ላይ ቦታ አለ።